«ኢንዱስትሪያል ስኩል» የሚባሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች፦ ልጆቹን የጎዳቸው ረሃቡ ነው ወይስ መኝታ ቤቱ?

ብራና_ገልባጭ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አንድ የትርጉም ሥራ ይዤ «ኢንዱስትሪያል ስኩል» የሚል ቃል ገጠመኝና ብዙም ሳላስብ «ተግባረ ዕድ» ብዬ አለፍኩት። ሁለት ገጽ ገፋ ስል «ተማሪዎቹ» የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ሆነው አረፉት። የገቡትም ተመዝግበው ሳይሆን በዳኛ ትእዛዝ ነው። ተመልሼ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ያነበብኩትን ላካፍላችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ የተጀመረው ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ነው። ዊሊያም ዋትሰን የሚባል ዳኛ ነበር። ሲለምኑና ሲሰርቁ ተይዘው የሚቀርቡለትን ሕፃናት እስር ቤት መላክ ሰለቸውና በ1841 ለእነሱ የሚሆን ትምህርት ቤት ከፈተ። ዘዴው ቀላል ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ አራት ሰዓት ያህል ትምህርት፣ አምስት ሰዓት ያህል ደግሞ እንደ መረብ መሥራት ያለ የእጅ ሥራ። ያልመጣ አይበላም። ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል።

ሜይ 19 ቀን 1845 ፖሊስ በከተማው የሚለምን ልጅ ሁሉ ሰብስብ ተባለና 75 ልጅ ለቅሞ አመጣ። ከነዚህ ማንበብ የሚችሉት 4 ብቻ ነበሩ። የዚያን ቀን የነበረውን ግርግር አስቡት። ማታ ሲለቀቁ «ነገ መምጣት አለመምጣት የእናንተ ፈንታ ነው፤ መለመን ግን ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው» ተባሉ። በማግስቱ አብዛኞቹ በገዛ እግራቸው ተመለሱ። እኔ ይቺን ቦታ ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ሕግ መጣ። ለስኮትላንድ በ1854፣ ለእንግሊዝ በ1857፣ ሁለቱን ያጠቃለለው ደግሞ በ1866። ከ14 ዓመት በታች ሆኖ ሲለምን የተገኘ፣ ማደሪያ አጥቶ የሚንከራተት፣ ወላጅ የሌለው ወይም ወላጁ የታሰረበት፣ ከሌቦች ጋር የሚውል ልጅ ወደነዚህ ቤቶች ሊላክና እስከ 16 ዓመቱ እዚያው ሊያዝ ይችላል። ወላጅ ካለው በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ያስከፍሉታል። ቀሪውን መንግሥት በልጅ ቁጥር ይሸፍናል።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ነገሩ የተበላሸው ልጁ ማታ ቤቱ መሄዱ የቀረ ዕለት ነው። ምግቡ ጥሩ ሐሳብ ነበር። መኝታ ቤቱና በራስ የሚቆጠረው ገንዘብ ግን ልጆቹን በላቸው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

ተሳስተሃል፣ ልንገርህ። «ቤቱ ይሄዳል» ስትል የትኛው ቤት ነው? የማንቸስተርና የግላስጎው ድሃ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስምንትና አሥር ሰው የሚያድርበት፣ ሽንት ቤቱ ለመንደሩ በሙሉ አንድ የሆነ፣ ኮሌራ ሲመጣ ደጁን የማያልፍበት ነበር። ያን ልጅ ማታ ማታ ወደዚያ መመለስ ጽድቅ ነው?

ቁጥርም አለ። በ1883 የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የልጆችን ቁመትና ክብደት ያስለካ ኮሚቴ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። የ14 ዓመት የኢንዱስትሪያል ስኩል ልጅ የሀብታም ትምህርት ቤት ከሚማር እኩያው ጋር ሲተያይ ወደ 7 ኢንች አጥሮ፣ ወደ 25 ፓውንድ ቀልሎ ተገኘ። በእኛ መለኪያ 17 ሴንቲ ሜትር ግድም ቁመትና ከ11 ኪሎ በላይ ሥጋ ማለት ነው። ይሄ በሁለትና በሦስት ዓመት መኝታ ቤት የሚመጣ አይደለም። ከማሕፀን ጀምሮ የተጠራቀመ ረሃብ ነው። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ አጥሮ ነው የመጣው።

---

ብራና_ገልባጭ

ቁጥሩን ስላመጣኸው አመሰግናለሁ፣ አላውቀውም ነበር። ግን እኮ አጥሮ ከመጣ፣ እዚያ በልቶ ትንሽ መሳብ አልነበረበትም? ጠዋት ዳቦና ገንፎ፣ ቀን የአተር ሾርባ፣ ማታ ደግሞ ዳቦ። ወተትና ሥጋ በጭልፋ ጫፍ። በዚያ ላይ ግማሹን ቀን እንጨት ይፈልጣል። ወይ ደግሞ በሬንጅ የደረቀ አሮጌ የመርከብ ገመድ በጣቱ እየፈታ ይበትናል። ይሄ ያደገን ሰው ጣት የሚያደማ ሥራ ነው። ልጁ የሚበላው ምግብ በሥራው ያልቃል፤ በምን ያድጋል?

---

የፎረስት_ጌቱ

ሰላም ወገኖች፣ ከምሥራቅ ለንደን። በስሜ እንደምታዩት ፎረስት ጌት ነው የምኖረው። ይሄ ክር ደጄን አንኳኳ ማለት ይቻላል። ፎረስት ሌን ላይ በ1850ዎቹ የተሠራ ትልቅ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። በኋላ ሆስፒታል ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ መኖሪያ ቤት። ለሥራ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ። ታሪኩን ያወቅኩት ግን ጎረቤቴ ከነበሩ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ነው። ስለቦታው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

በ1890፣ ልክ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባበት ሌሊት እሳት ተነሣ። የተነሣው ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል በታች ነው። 26 ወንዶች ልጆች ሞቱ፣ አብዛኞቹ በጭስ ታፍነው። አስቡት፣ ነበልባሉ እንኳን ሳይደርስባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያው ቤት በተበላሸ ምግብ ብዙ ልጆች ታመው ሁለቱ ሞቱ። ስለዚህ ወንድም ብራና ያልከው ይገባኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ ስትደረድር አንዱ ጥፋት የሁሉም ጥፋት ይሆናል። እሳትም በለው፣ ሾርባም በለው፣ ሳልም በለው።

---

መዝገብ_ቤት

ለትክክለኛነት ያህል አንድ ነገር ላስገባ። ፎረስት ጌት በ1866ቱ ሕግ የሚተዳደር አልነበረም። እሱ በድሆች መርጃ ሕግ ሥር ያለ ቤት ነው፤ ልጆቹ የመጡት ከድሆች መጠለያ እንጂ ከዳኛ ፊት አይደለም። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም «ኢንዱስትሪያል ስኩል» ይላቸው ነበር፤ ሊቨርፑል ኪርክዴልና ማንቸስተር አጠገብ ስዊንተን ያሉትም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ስትጠቅሱ የየትኛው እንደሆነ ለዩ። የመኝታ ቤቱ በሽታ ግን ልዩነት አያውቅም፣ ሁለቱም ጋ አለ።

የራስ ቆጠራው ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ደግሞ ቱቲንግን ይመልከት። ድሩዌ የሚባል ሰው ደቡብ ለንደን ቱቲንግ ላይ የድሃ ልጆች ማሳደጊያ ነበረው። የየሰበካው ሹማምንት ልጆቻቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፣ በሳምንት በልጅ 4 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፍሉታል። ወደ 1,400 ልጅ አጨቀ። አንድ አልጋ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይተኙ ነበር። በ1848 መጨረሻ ኮሌራ ገባና በጥቂት ሳምንት ውስጥ 180 ያህል ልጆች አለቁ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በአካባቢው ምርመራ አያስፈልግም ተብሎ ዝም ተባለ። ጉዳዩ የወጣው አንደኛው ሰበካ የራሱን ልጆች አውጥቶ ለንደን መሐል ሆስፒታል ስላስገባቸውና የተወሰኑት እዚያ ስለሞቱ ነው። የዚያ ወረዳ የአሟሟት መርማሪ ቶማስ ዋክሊ ሐኪምም ጋዜጠኛም ነበር፤ ዝም አላለም። ቻርልስ ዲክንስም በጋዜጣ ሰውየውን አብጠለጠለው። ድሩዌ በ1849 ሰው በመግደል ተከሶ ቀረበ፣ ነጻም ወጣ። ምክንያቱን ስሙ፦ ልጁ በደንብ ቢያዝ ኖሮ ከኮሌራው ይተርፍ እንደነበር ማረጋገጥ አልተቻለም።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

እሺ፣ ድሩዌን አልከላከልም። እሱ ነጋዴ ነው፣ ጥጃ እንደሚያደልብ ሰው፤ የማያደልብ መሆኑ ነው እንጂ። ግን ከእሱ በኋላ እኮ መንግሥት ራሱ ትልልቅ፣ ንጹሕ፣ ሐኪም ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሠራ። ለንደን ዳር ሀንዌል ላይ ያለው የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት የተሠራው በዚያ ምክንያት አይደለም እንዴ?

---

ሲስተር_ወረንጦ

ሀንዌልን ካነሣችሁ እኔም ልግባ። ነርስ ነኝ፤ ዓይን ላይ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ፣ አሁን ጡረታ ደጅ ላይ ነኝ። የቅጽል ስሜን ምክንያት መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ሀንዌል ያው እንደተባለው ትልቅና ንጹሕ ሕንፃ ነበር። ሆኖም የሀንዌል ስም ከአንድ ነገር ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ ከዓይን በሽታ። ኤድዋርድ ኔትልሺፕ የሚባል የዓይን ሐኪም በ1874 የለንደንን የድሃ ልጆች ትምህርት ቤቶች ዞሮ የልጆቹን የዓይን ቆብ አንድ በአንድ እየገለበጠ አየ። ያየውን እኔም አይቼዋለሁ፤ የቆቡ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያኔ «የግብፅ ዓይን በሽታ» ይሉት ነበር፣ ወታደሮቻቸው በናፖሊዮን ጊዜ ከግብፅ ይዘውት ስለመጡ። ከዚያ ውስጥ ብዙው እኛ ትራኮማ የምንለው ነው።

አሁን አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ጠዋት ነው። መቶ ልጅ ተሰልፏል። ፊት የሚታጠቡበት ውኃ አንድ ገንዳ፣ ፎጣውም በግድግዳ የተሰቀለ የጋራ ፎጣ። የመጀመሪያው ልጅ ዓይኑ ያዣል። ታጥቦ ፊቱን ይጠርጋል። ሁለተኛው በዚያው ፎጣ ይጠርጋል። ሃያኛው ሲደርስ ፎጣው እርጥብ ነው። ታዲያ ያን ቀን ከልጆቹ ንጹሕ የሆነው ማን ነው? ሳይታጠብ የቀረው ሰነፍ! እየሳቅኩ አይደለም፣ እውነቴን ነው። ንጽሕና ብለው ያመጡት ሥርዓት ራሱ በሽታውን ያድል ነበር። ሐኪሞቹ በኋላ «ለየራሳቸው ፎጣ ይሰጣቸው፣ በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ፣ የታመመው ይለይ» እያሉ የጮኹት ለዚህ ነው።

ትራኮማ በአንድ ዙር አይጨርስም። ደጋግሞ ሲይዝ ቆቡ ይጠባሰስና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፈገፍገዋል። ይሄ የሚመጣው ግን ልጁ ካደገ በኋላ ነው። አቶ ቀጥታ ተናጋሪ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ «ተሽሎት ወጣ» ብሎ ይዘጋል። ሰላሳ ዓመት ቆይቶ የሚታወረውን ማን ይመዘግበዋል? እኔ ገጠር ስሠራ ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ እናቶች አጋጥመውኛል፤ ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉበት። ስሜ ከዚያ ነው።

---

የፎረስት_ጌቱ

ሲስተር፣ እጅ ነሥቻለሁ።

ሀንዌል ሲባል ቻርሊ ቻፕሊንም እዚያ ነበር። በ1896 በሰባት ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ገባ። ጭርት ራሱ ላይ ወጥቶበት ፀጉሩን ሙልጭ አድርገው ላጭተውት፣ በአዮዲን ቀብተውት፣ በመሐረብ አስረው ከሌሎቹ ለይተው አስቀምጠውት እንደነበር ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ዓለምን ያሳቀ ሰው ያቺን ራሱን ይዞ በመስኮት ወደ ግቢው ሲያይ ይታየኛል።

---

ጋሼ_ጠመኔ

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። እንግሊዝን አላውቅም። አዳሪ ትምህርት ቤት ግን አውቃለሁ፤ በጃንሆይ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ከተማ ለአምስት ዓመት ያደርኩበት። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት። ከልጆቹ ወገን የሆነ ሰው እዚህ ስላልተናገረ ነው የመጣሁት።

አመስጋኝ ነኝ። ቤቴ ብቀር እረኛ ነበርኩ። በቀን ሦስት ጊዜ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ ሱሪዬ አጠረኝ። ስለዚህ «ቀጥታ ተናጋሪ» የሚለው ልጅ ሐሰት አልተናገረም። የራበው ልጅ መኝታ ቤት አይመርጥም።

ግን ሌላም አለ። ሁለት ረድፍ ሆነን ነው የምንተኛው፣ አልጋና አልጋው እጅ ቢዘረጋ ይነካካል። ከኔ ቀጥሎ የሚተኛው ልጅ ሌሊት ሌሊት ያስላል። ሳሉን እየሰማሁ ስንተኛ ሳል ላይ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ እቆጥር ነበር። ልጅ ነኝና ለእኔ ጨዋታ ነበር። አንድ ጠዋት ከቁርስ ስንመለስ ፍራሹ ደጅ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ማንም ምንም አላለንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ተመልሶ ገባ፣ በሳምንቱ አዲስ ልጅ ተኛበት። አሁን ሲስተር ስለ ፎጣው ሲጽፉ ያ ፍራሽ ትዝ አለኝ።

---

ብራና_ገልባጭ

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደምመልስልዎት አላውቅም። ይሄን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። እድሜ ይስጥዎት።

---

ካልጋሪ_ብርዱ

ከካናዳ ነኝ። ይሄ ነገር እንግሊዝ አልቀረም፣ ስሙን ይዞ ባሕር ተሻግሯል። እዚህ መንግሥት ከ1883 ጀምሮ ለነባር ሕዝቦች ልጆች «ኢንዱስትሪያል ስኩል» ከፈተ፤ ባትልፎርድ፣ ካፔል፣ እኛ ደግሞ ከካልጋሪ በስተ ደቡብ ሃይ ሪቨር። ማስተዳደሩን ለአብያተ ክርስቲያናት ሰጠ። እዚህ ላይ ዓላማው ልጁን ከጎዳና ማንሣት ሳይሆን ከእናቱ፣ ከቋንቋውና ከሕዝቡ መነጠል ነበር። ስለዚህ ከአበርዲኑ ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም።

የጤናውን ጉዳይ ግን ስሙ። ፒተር ብራይስ የሚባል የመንግሥት ሐኪም በ1907 በምዕራብ ካናዳ ያሉ ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ሪፖርት ጻፈ። መረጃ ከተገኘላቸው 1,537 ልጆች ሩብ ያህሉ ሞተዋል። ቁጥሩ በትክክል ከተያዘበት ከአንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ከወጡት ልጆች 69 በመቶው። ገዳዩ በብዛት ሳንባ ነቀርሳ ነው።

ምክንያቱን ሲጽፍ ሰውየው የተናገረው ስለ አየር ነው። ክረምቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ። ማገዶ እንዳይባክን መስኮቱ ለወራት ይደፈናል። ውስጥ ልጆች ተደርድረው ይተኛሉ፣ አንዱ የሚያስለውን አየር ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ይስበዋል። ገንዘቡም ብራና እንዳልከው ነው፤ ከ1892 ወዲህ ክፍያው በልጅ ቁጥር ሆነ። ታማሚ ልጅ ቢመጣ «ተመለስ» ማለት ገንዘብ መመለስ ነው። ስለዚህ እያሳለ ገባ። ብራይስ ሰሚ አጥቶ፣ ከሥራም ከወጣ በኋላ፣ በ1922 ጉዳዩን በራሱ በራሪ መጽሐፍ አሳተመው።

---

ቀጥታ_ተናጋሪ

ሩብ? እሺ። እዚህ ላይ አፌን ይዣለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለክርክር አይደለም። በዚያ ሁሉ ዘመን «ይሄ ነገር መኝታው ነው» ያለ እንግሊዝ ውስጥ አልነበረም? ሁሉም ዕውር ነበር?

---

መዝገብ_ቤት

ነበሩ እንጂ። ጄን ናሶ ሲኒየር የምትባል ሴት በ1873 የመንግሥት መርማሪ ሆና ተሾመች፤ በእንግሊዝ በዚያ ደረጃ ከሴት የመጀመሪያዋ ናት። የሴቶቹን ልጆች ሁኔታ እንድታይ ተላከች። በ1874 ባወጣችው ሪፖርት ትልልቆቹ ቤቶች ልጆቹን ዓይናቸውንም ዕድገታቸውንም እንደሚጎዱ፣ ከሁሉ በላይ ግን የጎደላቸው የእናት እጅ እንደሆነ ጻፈች። የሚያቅፋቸው፣ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ማለቷ ነው። ሹማምንቱ ዘለሉባት። ሰውነቷ በበሽታ ደክሞ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ከዚያ በ1896 መንዴላ በሚባል የፓርላማ አባል የሚመራ ኮሚቴ እነዚያን የጦር ሰፈር የሚመስሉ ትምህርት ቤቶች አወገዘ። ልጆች በትንንሽ ቤቶች፣ በየሰፈሩ ተበትነው እንዲያድጉ ማድረግ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፤ ሸፊልድ በ1893 ጀምራለች። እና አንድ ለብራና የሚሆን፦ የ1876ቱ የትምህርት ሕግ ልጆች ቀን በልተውና ተምረው ማታ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበትን የቀን ኢንዱስትሪያል ስኩል ፈቀደ። ዋትሰን በ1841 ያደረገውን ማለት ነው።

---

ብራና_ገልባጭ

ሠላሳ አምስት ዓመት ዞረው እዚያው!

ወገኖች፣ ሥራውን ነገ ማስረከብ አለብኝና ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። ቃሉን ምን ልበለው? «ተግባረ ዕድ» አይሆንም። «የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት» ስል ስፌት ብቻ መሰለ። «ማረሚያ» ስል ልጆቹ ወንጀለኛ ሆኑ፣ አብዛኞቹ ደግሞ ወንጀላቸው መራብ ነው። «ማሳደጊያ» ደግሞ ድሩዌን ደስ ይለዋል።

---

ሲስተር_ወረንጦ

ፈረንጅኛውን እንዳለ ተወውና አንድ መስመር ማብራሪያ ጨምርበት። ሰው ይገባዋል።

---

የፎረስት_ጌቱ

እኔም እንደ ሲስተር ነኝ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ የፎረስት ሌኑን ሕንፃ ፎቶ አንሥቼ እዚህ እለጥፋለሁ።

---

ብራና_ገልባጭ

እሺ፣ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ኢንዱስትሪያል ስኩል፦ ድሃ ልጆች በዳኛ ትእዛዝ ገብተው እየሠሩና እየተማሩ የሚያድሩበት ቤት።» የሚጎድል አለ?

---

ጋሼ_ጠመኔ

«እየበሉ» የሚለውን ረሳኸው፣ ልጄ። እሱን አስገባ።